በሬው ከጉድጓድ እንዴት ወጣ

መሸሻ የሠዓሊ ልጅ ነው። አባቱ ከሸዋ እስከ ጎጃም እየዞሩ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ነበሩ። እሱም በልጅነቱ ሙጫ እያፈላ፣ ቀለም እየወቀጠ አደገና ሲጎረምስ ቡሩሹን ተረከበ። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ ግን ደብር የሚያሠራ ባለጠጋ ጠፋ። መሬታቸው የተወሰደባቸው አድባራት ለጧፍና ለዕጣን እየተቸገሩ ሥዕሉን ማን ያስታውሰው? መሸሻም እንደ ብዙው ሰው የመጣውን ተቀብሎ፣ እዚያው ጉለሌ ለቀበሌው መፈክር ጻፊ ሆነ። አቡጀዲ ወጥሮ በቀይ ቀለም ይጽፋል። በዓል ሲደርስ ደግሞ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ምስል ይሥላል።

ስለ ሥራው አያማርርም፤ አይመካበትምም። ሚስቱ አፀደ ግን አንዳንዴ፣ እንዲደርቁ ግድግዳ ላይ የተደገፉትን ባለጢሞች እያየች፣ «አባትህ ሦስት ሽማግሌ ሲሥሉ ሥላሴ ነበሩ። ያንተዎቹ የማን አባት እንደሆኑ እኔ እንጃ» ትለዋለች። እሱ ቀለሙን ያማስላል። ልጅ አልወለዱም፤ ቤታቸው ጭር ያለ ነው፤ ነገር ቢጀመርም ቶሎ ያልቃል።

የሚኖሩት ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ባለ መንደር ውስጥ ነበር። የቆርቆሮ አጥር ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታቸው ሠርካዲስ ትባላለች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ባል ያላገባች፣ በአንድ የሕፃናት መዋያ የምታስተምር ሴት ናት። ጴንጤ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የምትጸልይበት ቤት ባለፈው ዓመት ታሽጎ ወንበሩና ከበሮው ሳይቀር በጭነት መኪና ተወስዷል። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤቷን ዘግታ ትውላለች። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የሰፈሩን ልጆች ግቢዋ ሰብስባ ተረት ትነግራለች። መዝሙር አይዘመርም፣ መጽሐፍም አይገለጥም። ተረት የሚከለክል አዋጅ ደግሞ እስከዚያ ድረስ አልወጣም።

በ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ቀን፣ ሠርካዲስ የታጠፈ ነጭ አንሶላ ታቅፋ መሸሻ ግቢ ገባች። እሱ መሬት ላይ በርከክ ብሎ «ይለምልም» የሚለውን ቃል በቀይ እየሞላ ነበር።

«እንዴት ዋሉ ጋሽ መሸሻ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በይ እንጂ።»

«ላስቸግርዎ ነው የመጣሁት። ተረት እንዲሥሉልኝ ብዬ ነው።»

«ተረት ይነገራል እንጂ ይሣላል እንዴ?»

«ልጆቹ ትንንሾች ናቸው። በጆሯቸው ብቻ የገባ ቶሎ ይወጣል። ዓይናቸውም ቢይዘው ብዬ ነው።»

ከዚያ ተረቱን እዚያው ቆማ ነገረችው። ድርቅ በሆነ ዘመን የዱርና የቤት እንስሳት ውሃ ፍለጋ አብረው ሲሄዱ፣ አዳኞች ቆፍረው በግንድ ከሸፈኑት ጉድጓድ ይገባሉ። ወጠጤው ይገባል፣ እናት ፍየል ትገባለች፣ ሚዳቋና ጥንቸል ይከተላሉ፣ ከሁሉም በኋላ ጅብ ይወድቅባቸዋል። ከላይ የቀሩት ጉድጓዱን ከበው ያያሉ። ጦጣ እንዴት መውጣት እንደሚገባቸው ትመክራቸዋለች። ዝሆን ያለቅስላቸዋል። አንበሳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይጣራ ይላል። በሬ ምንም ሳይናገር ይወርዳል። ጀርባውን ይሰጣቸውና አንድ በአንድ እየረገጡት ይወጣሉ። ጅብ ሲወጣ ትከሻውን ነክሶት ነው የሚወጣው። በሬው ግን እሱ የሚረግጠው ጀርባ የለምና እዚያው ይቀራል፤ ይሞታል። በሦስተኛው ቀን እንስሳቱ ሊያለቅሱለት ሲመጡ፣ በሬው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ያገኙታል።

መሸሻ ቡሩሹን ጣሳው ላይ አሳርፎ ሰማት።

«ከየት ያመጣሽው ተረት ነው?»

«በሬው እስከሚወርድ ድረስ አያቴ ይነግሩኝ የነበረ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«እሱንስ አንቺ የጨመርሽው አይመስለኝም» አለ መሸሻ።

ሠርካዲስ ፈገግ አለች። እሱም ሌላ አልጠየቀም። አንሶላውን ተቀበላት።

ማታ እራት ላይ አፀደ የአንሶላውን ነገር ስትሰማ እጇን ከገበታው መለሰች።

«ለፀረ ማርያም ልትሥል?»

«በሬ ነው የምሥለው። በሬ ሃይማኖት የለውም።»

«በሬውን ማን ጠላው? በዚያ በሬ አድርጋ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ልትወስደው ነው እንጂ።»

«ወዴት ትወስደዋለች? ጸሎት ቤቷ እንደሆነ ታሽጓል።»

አፀደ ይህን ስትሰማ ጥቂት አሰበች፤ ግን አልተረታችም። በማግስቱ ጠዋት እንጦጦ ማርያም ሄዳ ስለ ባሏ እጅ ስለት ተስላ ተመለሰች። ምን ብላ እንደተሳለች አልነገረችውም።

መሸሻ ለምን እሺ እንዳለ ቢጠየቅ ይህ ነው የሚለው ነገር አልነበረውም። እጁ ከቀይ ቀለም ሌላ ሳይነካ ከርሟል፤ ምናልባት ያ ይሆናል። አንሶላውን ቀደደና በጄሶና በሙጫ አሽቶ አደረቀው። ለስድስት ሥዕል በቃ። የቀበሌው ሥራ ፋታ ሲሰጠው፣ ከጓዳው በር አጠገብ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ተቀምጦ ይሥላል። ቢጫውን ሲደባልቅ የአባቱን ድምፅ የሚሰማ ይመስለው ነበር። አባቱ ደግሞ ስለ ቢጫ ብዙ የሚቆጡ ሰው ነበሩ።

እንደተማረው ነው የሣለው። በጎዎቹን እንስሳት ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይን። ጅቡን በጎኑ፣ በአንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ከሃዲና ሰይጣን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሠርካዲስ መጥታ አንድ በአንድ አየቻቸው። ወደደቻቸው። ጅቡ ጋ ስትደርስ ግን ቆም አለች።

«ሲወጣ ያለውን እንኳ በሁለት ዓይን ቢያደርጉልኝ?»

«ጅቡን?»

«አዎ።»

«ልጄ፣ ክፉ በሁለት ዓይን አይሣልም። እኔ ያመጣሁት ሥርዓት አይደለም።»

«ነክሶትም ቢሆን በሬው አወጣው አይደል? ከወጣ በኋላ አንድ ዓይን ከሆነማ አልወጣም ማለት ነው።»

መሸሻ ተቆጣ። የተቆጣው በነገሩ ይሁን በሷ ራሱም አልለየውም። «የናንተ ሰዎች ሥርዓት አታውቁም» አላትና ሥዕሉን ጠቅልሎ አስቀመጠ። እሷም አልተከራከረችም፤ ደህና ዋሉ ብላ ሄደች። ሰንበት ብሎ ግን ከመጨረሻው ሥዕል ጥግ ላይ ጅቡ ፊቱን አዙሮ፣ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ተሣለ። እንዲህ ያለ ጅብ መሸሻ በዕድሜው ሥሎ አያውቅም። ፊቱ እምቢ ብሎት ሦስት ጊዜ ፋቀው። በመጨረሻ የወጣለት ገና ከእንቅልፉ የነቃ ሰው የሚመስል ጅብ ነበር።

ያ የመጨረሻው ሥዕል በሌላም ነገር አስቸግሮት ነበር።

«በሬው እንዴት ወጣ?» ብሎ ጠየቃት፣ በአጥሩ ላይ።

«ወጣ።»

«‹ወጣ›ማ ለሚያወራ ሰው ይበቃል። እኔ ቡሩሽ ይዣለሁ፤ እግሩን የት ላሳርፈው?»

«እሱን እኔም አላውቅ ጋሽ መሸሻ። ሲወጣ ያየ የለም።»

መሸሻ ለቀበሌው መፈክር እየጻፈ፣ መርካቶ ቀለም ሊገዛ አውቶቡስ ላይ ቆሞ እየሄደ፣ ስለ በሬው እግር ያስብ ጀመር። መልሱ የመጣለት አባቱ ደጋግመው የሣሉት የትንሣኤ ሥዕል ትዝ ሲለው ነው። በዚያ ሥዕል ጌታ የሲኦልን በር ሰብሮ ይቆማል፤ የተሰበረው በር ከእግሩ በታች ተሻግሮ ተኝቷል፤ አዳምን በቀኝ፣ ሔዋንን በግራ ይዞ ያወጣቸዋል። መሸሻ ከዚያ በላይ አላሰበም። ጉድጓዱ የተሸፈነበትን ግንድ ሰባብሮ ከበሬው ሰኮና በታች አመሳቅሎ አስተኛው። ወጠጤውን በቀኝ፣ እናት ፍየልን በግራ አንበረከካቸው። በበሬው ትከሻ ላይ የጅቡን ንክሻ ሳይደብቅ ተወው። ሲጨርስ አፀደ ከጀርባው መጥታ ቆማ አየች። ቆይታ ቆይታ፣ ሳታስበው ይመስል፣ አማተበችና ወደ ጓዳ ገባች።

ሥዕሎቹ ገመድ ላይ ተሰቅለው ተረቱ በተነገረበት ቅዳሜ መሸሻ እሷ ግቢ፣ አጥሩ ሥር በርጩማ አስቀምጦ ሰማ። የኦርቶዶክሱም የጴንጤውም ልጅ አንድ ላይ ተጨናንቆ ተቀምጧል። ከፊት ደሳለች የምትባል የሸማኔ ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ያልገባትን ሳትጠይቅ የማታሳልፍ ልጅ ናት። ሠርካዲስ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው የምትናገረው። ሥዕሉን በእጇ እየነካች፣ አንዴ የጦጣን ምክር፣ አንዴ የዝሆንን ልቅሶ እያስመሰለች ስትነግራቸው ልጆቹ ይስቃሉ። በሬው ሲወርድ ሳቁ ቆመ።

«ለምን ወረደ?» አለች ደሳለች።

«ስለወደዳቸው።»

«ጅቡንም?»

«ጅቡንም።»

ደሳለች ወደ ጅቡ ዓይኖች ተመለከተች፤ ያልተዋጠላት ትመስል ነበር።

ተረቱ ሲያልቅ ሠርካዲስ አጎንብሳ፣ «ይሄን በሬ የሚመስል አንድ አለ። እሱ ግን ተረት አይደለም» አለቻቸውና የቀረውን በዝግታ ነገረቻቸው። መሸሻ የጌታን ስም ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። የሰማው ነገር አዲስ አልነበረም፤ አባቱ ሲሥሉት፣ እሱ ቀለም ሲያቀብል ያደገበት ነገር ነው። ያን ያህል ዘመን የሣሉት ግን ለትልልቅ ሰዎች፣ ከፍ አድርገው፣ አንጋጦ ለሚያይ ነበር። እዚህ ልጆቹ ተጠግተው የበሬውን ሰኮና በጣታቸው ይነካሉ። መሸሻ ቀለሙ እንዳይለቅ ፈራ፤ ተዉ ሊላቸው ፈልጎ ሳይላቸው ቀረ።

እስከ ሚያዝያ መጨረሻ እንዲህ ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ሠርካዲስ ቤት ገብተው ሥዕሎቹን ወሰዱ። ማን እንደጠቆመ አልታወቀም፤ ማንም አልጠየቀም። ከሰዓት በኋላ መሸሻ ቀበሌ ተጠራ።

የጠራው የቀበሌው ካድሬ ግዛቸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ጨዋ አነጋገር ያለው ሰው ነው። የመሪጌታ ልጅ እንደሆነ፣ በልጅነቱም ድቁና ተቀብሎ እንደነበር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ፤ አያነሡትም። ሥዕሎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸው ነበር።

«እጁን አውቀዋለሁ፣ ጓድ መሸሻ። የርስዎ ነው።»

«የኔ ነው።»

«ይሄኛውን ደግሞ» አለ ግዛቸው፣ የመጨረሻውን ሥዕል ወደ ራሱ እየሳበ፣ «ይሄኛውን ሌላም ቦታ አውቀዋለሁ። የተሰበረ በር ከእግሩ በታች። አዳም በቀኝ፣ ሔዋን በግራ። እዚህ ፍየል አደረጓቸው እንጂ።»

ግዛቸው ሥዕሉን ከሚገባው በላይ አየው። ከዚያ ገለበጠው።

«ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ያለ ይመስልዎታል?»

«ቆሞ ያስቀደሰ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ይሄን ለሌላ ሰው እንዳይሉ።» ግዛቸው ተነሥቶ በሩን ገርበብ አደረገ። «ይስሙኝ። የሕፃናት ቀን ሲከበር ከበላያችን፣ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዳ ይመጣል። የኛ ቀበሌ ደግሞ ከማርሽ በቀር የሚያሳየው የለውም። ተረቱ ራሱ መጥፎ አይደለም። አንዱ ለሌላው መሥዋዕት ይሆናል፤ ጥሩ ነው። ስሕተቱ መጨረሻው ነው። ‹ወጣ› ብሎ ነገር የለም። ማን አወጣው? የዳኑት እንስሳት ተባብረው፣ ገመድ አስረው፣ ጎትተው አወጡት። ሰፊው እንስሳ ማለት ነው።»

መሸሻ ሊስቅ ቃጣውና የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ግዛቸው አልቀለደም።

«የመጨረሻውን እንደገና ይሣሉት። እሷም አዳራሹ ውስጥ በአዲሱ መልክ ትንገረው። ይህ ከሆነ ነገሩ ከዚህ ክፍል አይወጣም። አሮጌው ሥዕል እኔ ዘንድ ይቀመጣል።»

መሸሻ ሰውየው መውጫ እየሰጠው እንደሆነ ገባው። ለሱ ብቻ አልነበረም፤ ለሷም ነው። ምናልባት ለግዛቸው ለራሱም ነበር። አመስግኖ ወጣ። ገመዱንም ሣለው። ዝሆኑ በኩምቢው፣ አንበሳው በጥርሱ፣ ጦጣዋ በሁለት እጇ ይጎትታሉ፤ በሬው በገመድ ተንጠልጥሎ ይወጣል፤ ጥጉ ላይ ያለው ጅብም ወደ አንድ ዓይኑ ተመልሷል። ገመዱ ክር በክር ተለይቶ እስኪታይ ድረስ ተጠንቅቆ ነው የሠራው፤ የታዘዘውን አበላሽቶ መሥራት አይሆንለትም። ሲጨርስ ጥቅልሉን ይዞ ሠርካዲስ ዘንድ ሄደ። ዘርግታ አየችው።

«ጥሩ ገመድ ነው» አለች።

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩም። ፈርተው ነው። እኔም ፈርቻለሁ።»

«ታዲያ ትነግሪዋለሽ?»

ሠርካዲስ ሥዕሉን መልሳ ጠቀለለችው። «እስከ ጉድጓዱ ድረስ እነግራለሁ። ከዚያ ሥዕሉን አሳይቼ ዝም እላለሁ። በአፌ ግን ገመድ አልልም፣ ጋሽ መሸሻ። ልጆቹ ያውቁኛል።»

የሕፃናት ቀን የተከበረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የቀበሌው አዳራሽ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ወረቀት ተጊጦ፣ ልጆቹ ከፊት መሬት ላይ፣ ወላጆች ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከከፍተኛው የመጡት እንግዳ ወፈር ያሉ፣ ላብ የሚያስቸግራቸው ሰው ነበሩ። ግዛቸው አጠገባቸው ተቀምጧል። የኪነት ቡድኑ ዘፈነ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ንግግር አደረገ። መሸሻ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር።

ሠርካዲስ ተጠራችና ተረቱን ጀመረች። አዳራሹ ሞላ ብሎ ስለነበር ከወትሮው ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት። እንግዳው በጦጣዋ ምክር ሳቁ። አንበሳው ጥፋቱ ይጣራ ሲል ግን ሳቃቸውን ቀነስ አደረጉ። በሬው ወረደ። እንስሳቱ እየረገጡት ወጡ። ጅቡ ነከሰው። ሠርካዲስ የመጨረሻውን ሥዕል ገልጣ፣ እንዳለችው፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ዝም አለች።

ከዚያ ከፊተኛው መስመር ደሳለች ብድግ አለች።

«ገመድ አልነበረም» አለች።

አንዳንድ ወላጆች ሳቁ። አባቷ ከኋላ «ቁጭ በይ አንቺ» አላት። አልተቀመጠችም። ሌሎቹ ልጆችም «አልነበረም፣ አልነበረም» ይሉ ጀመር። አንዱ ግንዱ የታለ ይላል፤ ሌላው ጅቡ ለምን አንድ ዓይን ሆነ ብሎ ይጠይቃል። እንግዳው በጨዋታው የተደሰቱ መስለው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ።

«እሺ፣ ገመድ ካልነበረ ማን አወጣው?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«ሞቶ ነበር፣ ከዚያ ተነሣ» አለች ደሳለች፤ ሰውየው ይህን አለማወቃቸው ገርሟት።

ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም። እንግዳው ላባቸውን ጠረጉና ግዛቸውን አዩት፤ ግዛቸው የራሱን ጫማ ያያል። ወደ ሠርካዲስ ዞሩ።

«ጓዲት፣ ተረቱ የትኛው ነው? የልጆቹ ነው ወይስ የሥዕሉ?»

መሸሻ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ፊቷን ማየት ይችል ነበር። ቀልታለች። እጇን በቀሚሷ ላይ አሻሸች። «የሥዕሉ ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እሱም በልቡ እንድትል እየለመናት ነበር።

«ልጆቹ እንዳሉት ነው» አለች።

«ታዲያ ይህን ገመድ የሣለው ማን ነው?»

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ማን እንደሣለው ያውቅ ነበር፤ ግን ማንም ወደ በሩ አልዞረም። መሸሻ በዚያች ቅጽበት ቀስ ብሎ መውጣት ይችል ነበር። በኋላ ስለዚህ ሲጠየቅ፣ ያናገረው ድፍረት እንዳልሆነ፣ ልጆቹ ውሸታም ተብለው ሲቀሩ ማየት እንደከበደው ብቻ ነበር የሚናገረው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ገመድ የሌለውንም የሣልኩት እኔ ነኝ። የፊተኛው ነው ትክክሉ።»

የዚያን ዕለት ሁለቱም ታሰሩ። መሸሻ በከፍተኛው እስር ቤት አንድ ሳምንት ያህል ቆይቶ ተፈታ። የተፈታው በምሕረት አልነበረም። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መስከረም ላይ ይመጣል፤ ሠዓሊ ሁሉ ይፈለጋል፤ ከሱ የተሻለ ጢም የሚሥል ደግሞ አካባቢው ላይ አልነበረም። ክረምቱን ሙሉ ባለጢሞቹን በትልልቅ ሸራ ሲሥል ከረመ። ሠርካዲስ ግን አልተፈታችም። ግዛቸውም ወዲያው ወደ አንድ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። እድገት ይሁን ቅጣት የሚያውቅ አልነበረም። እሱ ዘንድ የቀረው ሥዕል የት እንደደረሰም ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ሠርካዲስ በከተማው ዘመድ አልነበራትም። በታሰረች በማግስቱ አፀደ ሳትጠየቅ ምግብ በሳህን አድርጋ፣ በጨርቅ ቋጥራ እስር ቤቱ ወሰደችላት። መሸሻ ያን ጊዜ እስር ላይ ስለነበር አላየም፤ የነገሩት ጎረቤቶች ናቸው። ከተፈታ በኋላም ሥራዋን አላቋረጠችም። ሐምሌም ነሐሴም፣ ዝናቡ ጃንጥላዋን እየገለበጠው፣ ሳህኗን በነጠላዋ ሸፍና ትወርዳለች። ጾም ሲሆን የጾም፣ ፍስክ ሲሆን የፍስክ።

«እሷ እንኳ የኛን ጾም አትጾምም» አላት መሸሻ አንድ ረቡዕ ቀን፣ ሽሮውን እያየ።

«እኔ ልጹምላት» አለች አፀደ።

በሄደች ቁጥር ስንቅ ካመጡ ሴቶች ጋር ሰልፍ ላይ ትቆማለች፤ ዘበኛው ሳህኑን በማንኪያ እየበረበረ ያስገባል። ሠርካዲስን ማየት አይፈቀድም። ባዶው ሳህን ግን ሁልጊዜ ታጥቦ ነበር የሚመለሰው። አፀደ በዚህ ነገር ደስ ይላታል። «ሥርዓት ያላት ልጅ ናት» ትላለች፤ ይህንንም የምትለው በፊት አንድም ክፉ ነገር ተናግራባት እንደማታውቅ ሰው ሆና ነበር።

ልጆቹ ቅዳሜ ሲደርስ የተዘጋውን የሠርካዲስ በር ያያሉና የመሸሻን በር ያንኳኳሉ። መጀመሪያ ላይ ሂዱ ይላቸው ነበር። ከቀበሌው ዓይን እንደማይርቅ ያውቃል። በኋላ አንድ ቅዳሜ፣ ሥዕል እየሠራ ስለነበር፣ ሳያባርራቸው ቀረ። ገቡና የሌኒንን ራስ ከበው ተቀመጡ።

«ይሄ ሰውዬ ጥሩ ነው መጥፎ?» አለች ደሳለች።

«ሁለት ዓይን አለው» አለ መሸሻ፤ ከዚያ በላይ መሄድ አልፈለገም።

የበሬውን ተረት ንገረን አሉት። ተረት ነጋሪ አይደለም፤ ዝሆኑን ከአንበሳው በፊት አስመጣና ደሳለች አረመችው። ከዚያ ወዲህ ግን መምጣታቸው ልማድ ሆነ። ከሰል አንሥቶ በካርቶን ላይ አንድ እንስሳ ይሥልላቸዋል፤ ሲሥል ከእጁ ተረት ይወጣል። ሌላ ጊዜ የአባቱን ሥዕሎች በእንስሳ አድርጎ ይነግራቸዋል። ተጠንቅቆ ነው የሚሠራው፤ ሲጨርስም ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ይከተዋል። ልጆቹም አንድ ነገር ተምረው ነበር። ቤት ሄደው፣ ሰው ቢጠይቃቸው፣ «ጋሽ መሸሻ ስለ እንስሳ ነገረን» ይላሉ። ይህም እውነት ነው።

ሠርካዲስ የተፈታችው ኅዳር ላይ ነው። ከስታለች፤ ፀጉሯ ከፊት ለፊት ሳስቷል። የመዋያውን ሥራ አጥታለች። ልጆች እንዳትሰበስብ ፈርማ ነው የወጣችው፤ ዳግመኛ ብትገኝ ምን እንደሚጠብቃት ነግረዋታል። አፀደ በሩ ላይ ጠብቃ አቅፋ አስገባቻት። ጉንጯን ስማ፣ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አየቻትና፣ «ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር አይደል?» አለቻት።

«አንዳንዴ» አለች ሠርካዲስ።

ሁለቱም ሳቁ፤ አፀደ መጨረሻው ላይ ዓይኗን ጠረገች።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ መሸሻ ግቢ ሲሰበሰቡ ሠርካዲስም መጣች። ለመናገር አልነበረም። ከልጆቹ መሃል፣ ደሳለች አጠገብ፣ እግሯን አጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማዳመጥ አትችይም የሚል ወረቀት አልፈረመችም። መሸሻ አፈረ። እሷ ባለችበት ተረት መንገር ለሱ አባቱ ቆመው እያዩት ከመሣል አይለይም። ግን ልጆቹ እየጠበቁ ነበር።

የዚያን ቀን የጀመረው ተረት መንገድ ስለጠፋባት ጊደር ነበር። ጊደሯ ከመንጋው ተለይታ ወንዝ ለወንዝ ስትሄድ መሸባት። እናቷን ጠራች፤ የመለሰላት የራሷ ድምፅ ነው። ጌታዋ ግን ሌሎቹን በረት አስገብቶ፣ ፋኖሱን ይዞ ሊፈልጋት ወጥቷል። መሸሻ በከሰሉ ጊደሯን ሠርቶ፣ ወንዙን አስምሮ፣ እዚያ ሲደርስ ጠፋበት። ጊደሯ ወንዙን የሆነ ነገር ጠይቃው ወንዙ የመለሰላት አንድ ነገር ነበር። እናቱ ሲነግሩት ሰምቶታል፤ አሁን አልመጣልህ አለው። ልጆቹ አፉን ያያሉ። ሠርካዲስ አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች።

አፀደ ከቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ትቀመጣለች፤ ተረቱን እንደማትሰማ ግን ደጋግማ ተናግራለች።

«‹የሚፈልግሽ ሰው እግሩን እዚህ አርጥቦ አልፏል፤ ውሃዬ ገና ድፍርስ ነው፤ ቁሚና ጥሪው› አላት» አለች አፀደ፣ ከእንዝርቷ ቀና ሳትል።

ልጆቹ በሙሉ ወደሷ ዞሩ።

«ከዚያስ እትዬ አፀደ?» አለች ደሳለች።

አፀደ ባሏን አየችው። እሱም ከሰሉን መሬት ላይ አስቀመጠና ቦታ ለቀቀላት። እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሳረፈች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከዚያማ» አለች፣ «ቆመች።»